አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ስቱዲዮ፦ ቤዙን እንዴት እንግራው?

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ግቢያችን ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ስቱዲዮ ከፍቻለሁ። መንዙማ፣ የሰርግ ዘፈንና ማስታወቂያ እቀርጻለሁ። ክፍሉ 3.6 ሜትር በ3.6 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.7። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው። ግድግዳውን ባለ 5 ሳንቲ ስፖንጅ ለጥፌበታለሁ፤ ስፖንጁ ያልደረሰበትን በእንቁላል ካርቶን ሞልቻለሁ። ወንበሬ ክፍሉ መሃል ላይ ነው፤ ስቀርጽም ማይኩን እዚያው መሃል አቆማለሁ። ሚክስ ሳደርግ ቤዙ አይሰማኝም፤ ጨምሬው ስጨርስ መኪና ውስጥ ሲከፈት በሩን ያርገበግበዋል። የወንድ ድምፅም አንዳንድ ኖታ ላይ ያጉረመርማል። ምን ይሻለኛል? ስፖንጅ ልጨምር፣ በኢኪው (የድምፅ ማመጣጠኛ) ላስተካክለው፣ ወይስ ሰብውፈር (የቤዝ ስፒከር) ልግዛ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

አብሽር ወንድሜ። ከሦስቱ አንዱንም አታድርግ፤ ቢያንስ አሁን። መጀመሪያ ወንበርህን ከመሃል ታነሳለህ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ከለጠፍከው ስስ ስፖንጅ ብዙውን አውርደህ ጥጎቹ ላይ ወፍራም ነገር ታቆማለህ። ቤዝን የሚገራው ቦታና ውፍረት ነው፤ ስንት ካሬ ግድግዳ እንደሸፈንክ ለእሱ ደንታው አይደለም።

ከክፍልህ ልክ እንነሳ። ድምፅ 18 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 342 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሞገድ ግማሽ ሲሆን፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለሰው ሞገድ በራሱ ላይ እየተደረበ ይጎለብታል (ሬዞናንስ የሚባለው ይኸው ነው)፤ ቤዝ ተጫዋቹ እጁን ካነሳ በኋላም ቶሎ አይሞትም። ሂሳቡ አንድ መስመር ነው፤ 342ን ለርቀቱ እጥፍ ታካፍላለህ። አንተ ጋ 342 ለ7.2 ይካፈላል፤ 47.5 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 47.5 ጊዜ መርገብገብ ይመጣል። ይህ የርዝመቱ ነው። ወርዱም እኩል ስለሆነ የእሱም 47.5 ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ሁለት ቦታ ተከፋፍሎ የሚቀመጠው ጉልበት አንተ ጋ አንድ ላይ ተከምሯል። ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለው 63 ኸርዝ ገደማ ነው። የ47.5 እጥፍ የሆነው 95 ኸርዝ ደግሞ እንደገና ሁለቴ ተደርቦ ይመጣል።

47.5 ኸርዝ በቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ላይ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ፍሬት መካከል፣ ማለትም በኤፍ ሻርፕና በጂ መካከል ነው። ስለዚህ አንድን አምባሰል ወይም ባቲ ስትጫወት ማረፊያው ጂ ላይ ከወደቀ ዘፈኑ በሙሉ የሚያብጥ ይመስልሃል፤ ሁለት ፍሬት ከፍ ብለህ በኤ ብትጫወተው ያው ሰው፣ ያው ጊታር፣ ያው ማጉያ ሆኖ ጥርት ይልልሃል። «ይቺ ዘፈን ቤዟ አልተቀረጸም፣ ያቺ ደግሞ በዝቶባታል» የምትሉት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወንበርህ። የመጀመሪያው ሬዞናንስ ግፊቱ ግድግዳዎቹ ጋ ከፍተኛ ይሆናል፤ ልክ መሃል ላይ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። አንተ የተቀመጥከው ከርዝመቱም ከወርዱም መሃል ነው። ተቀምጠህ ጆሮህ ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ይርቃል፤ የ2.7 ሜትር ግማሽ 1.35 ነው፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይም ቢሆን መሃል ነህ ማለት ይቻላል። በሦስቱም አቅጣጫ ባዶው ላይ ተቀምጠህ ቤዝ ትፈልጋለህ። ቤዙ አለ፤ ከኋላህ ግድግዳው ጋ ቆሟል። አንተ ሳይሰማህ ትጨምራለህ፣ መኪናው ውስጥ የጨመርከው በሙሉ ይወጣል።

እኔን ከማመንህ በፊት ፈትነው። ከሚክስ ፕሮግራምህ የቶን ማመንጫ ክፈትና 47 ወይም 48 ኸርዝ ንጹህ ቶን በልኩ ድምፅ ልቀቅ። ከወንበርህ ተነሥተህ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ግድግዳው ተራመድ። መሃል ላይ የጠፋው ድምፅ በየእርምጃው እየወፈረ ሄዶ፣ ጆሮህን ጥጉ ውስጥ ስታስገባ ደረትህን ይጫንሃል። አንዳች አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆምክበት ቦታ ብቻ ነው። ሞኒተሮችህ (የስቱዲዮ ስፒከሮችህ) ትንንሽ ሆነው 47 ኸርዝ በደንብ የማያወጡ ከሆነ በ95 ሞክረው፤ እሱ በተቃራኒው መሃል ላይ ጎልቶ ከግድግዳው 90 ሳንቲ ላይ ሲጠፋ ትሰማለህ።

የወንድ ድምፅ ማጉረምረሙም የሚፈታው እዚሁ ነው። 95 ኸርዝ መሃል ላይ ከፍተኛ ነው፤ ከሁለት አቅጣጫ ተደርቦ ነው ደግሞ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ዝቅ ሲል ከ90 እስከ 100 ኸርዝ ውስጥ ይገባል። የመንዙማ መሪው ዝቅ ብሎ በሚያርፍባት ኖታ ላይ ክፍሉ አብሮት ያዜማል፤ ማይኩም የክፍሉን ዜማ ይቀርጻል። ስለዚህ ዜመኛውንም ማይኩንም ከመሃል አውጣቸው። ከአንዱ ግድግዳ 90 ሳንቲ፣ ከሌላው 1.2 ሜትር ያህል ይራቁ፤ ከዜመኛው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ በእጥፍ ይሰቀል። ካርዲዮይድ ማይክ (በዋናነት ከፊቱ የሚሰማው) አፍ በቀረበው ቁጥር ራሱ ቤዝ እንደሚጨምርም አትርሳ፤ ከ20 ሳንቲ በላይ ይራቅ፣ ማይኩ ላይ ያለውን ሎው ከት (የታቹን ድምፅ የሚቆርጠውን) በ80 ኸርዝ አካባቢ ክፈተው። ድቤ ስትቀርጽ ግን ሎው ከቱን አትክፈት፤ ያለዚያ ነፍሱ ትወጣለች።

ለሚክስ የምትቀመጥበትን እንዲህ አድርግ። ሞኒተሮቹን ወደ አንዱ ግድግዳ አስጠጋቸው፤ የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 40 ሳንቲ ያህል ይሁን። ብዙ ሰው ስፒከርን ከግድግዳ አርቁ የሚለውን ምክር ሰምቶ 90 ሳንቲ ያርቃል። በትንሽ ክፍል ውስጥ ይህ ጉዳት ነው፤ ከኋላው ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ከፊቱ ከሚወጣው ጋር 95 ኸርዝ ላይ ይጠፋፋል። በ40 ሳንቲ ግን ይኸው ጉድጓድ ወደ 214 ኸርዝ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከስፒከሩ ኋላ የምታቆመው ወፍራም ፓኔል ይይዘዋል። ግድግዳው የሚጨምረውን ቤዝ ለመቀነስ ብዙ ሞኒተሮች ጀርባቸው ላይ ማብሪያ አላቸው፤ ተጠቀምበት። ወንበርህ ከፊት ግድግዳው 1.37 ሜትር ያህል ይሁን፤ የርዝመቱ 38 በመቶ ማለት ነው። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ቶኑን እየለቀቅህ በ10 ሳንቲ ወደፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀስክ ኖታዎቹ የሚቀራረቡበትን ቦታ አግኝና ወለሉ ላይ ምልክት አድርግ። ግራና ቀኝህ ግን እኩል መሆኑን አትንካው፤ ስቴሪዮው ይዛባል።

ስለ ስፖንጁ። ስፖንጅም ጥጥም የሚሠራው አየሩ በውስጡ ሲመላለስ በሰበቃ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ነው። ግድግዳው ላይ ግን አየሩ አይመላለስም፤ እዚያ ያለው ግፊት ብቻ ነው። አየሩ በደንብ የሚንቀሳቀሰው ከግድግዳው በሞገዱ ሩብ ርቀት ላይ ነው። የ47.5 ኸርዝ ሞገድ 7.2 ሜትር ይረዝማል፤ ሩቡ 1.8 ሜትር ነው። ባለ 5 ሳንቲ ስፖንጅ ለዚህ ሞገድ የለም። በደንብ የሚይዘው ከ500 ኸርዝ በላይ ያለውን ነው። የእንቁላል ካርቶኑማ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ስስ ወረቀት ነው። ስለዚህ ያደረግከው ነገር የክፍሉን ብርሃን አጥፍቶ ጭቃውን ትቶልሃል፤ የላዩ ድምፅ ሞቶ የታቹ ብቻውን ስለቀረ ቤዙ የባሰ ይመስላል። ስፖንጁን ከሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ጆሮህ አካባቢ ብቻ ተው፣ ሌላውን አውርድ።

እዚህ ላይ ስለ እሳት በጥብቅ ልናገር። የፍራሽ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው፤ ሲነድ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ጭሱም ሳያናይድ አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ ውስጥ ኪስ የተባለ የምሽት ክበብ ኮርኒሱ ላይ ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈው ፎም በርችት ተያይዞ 242 ሰው ሞቷል። አንተ ጋ አንድ በር ነው ያለው፤ ማከፋፈያው ደግሞ ወለል ላይ። ገመድ ከማንኛውም ለስላሳ ነገር ይራቅ፤ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይሰቀል።

ጥጎቹ ዋናው ሥራ ናቸው። ሁሉም ሬዞናንስ ሦስት ገጽ በሚገናኝበት ጥግ ላይ ከፍተኛ ግፊት አለው፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ እዚያ አውጣው። በሞራሌ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀፎ ትሠራለህ፤ በሁለቱ ግድግዳዎች በኩል 60 ሳንቲ፣ ፊቱ 85 ሳንቲ ያህል ይሆናል። ውስጡ ይሞላል፤ ፊቱ በአቡጀዲ ይለበሳል። አቡጀዲ የምልህ ስለሚያስተነፍስ ነው፤ ጨርቁን አፍህ ላይ አድርገህ ስትነፍስበት ማለፍ አለበት። ላስቲክ ወይም ቆዳ መሰል ነገር አታልብሰው።

ምን ይሞላበት? ሮክውል (ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ካገኘህ ጥሩ ነው፤ አይነድም። ግን እንደዚህ ወፍራም ለሆነ ነገር ከባዱንና የተጠቀጠቀውን አትፈልግ። ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም፤ «ጠንካራው ይበልጣል» ይላል። ጠንካራው ለስስ ፓኔል ነው። እንዲህ ባለ ውፍረት ውስጥ ቤዙ እንዲገባ ላላ ያለ ነገር ያስፈልጋል፤ ከተጠቀጠቀ ድምፁ ከፊቱ ነጥሮ ይመለሳል። ካላገኘህ ደግሞ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎን መውረድ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅና ከልብስ ፋብሪካዎች የሚወጣ የጥጥ ተረፈ ምርትና የጨርቅ ቁርጥራጭ ፍራሽ ሠሪዎቹ ጋ ጠይቅ። የተፈለቀቀ ጥጥና የበግ ጸጉር በደንብ ይሠራሉ። አንዱ ጥግ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ብለህ ብታስብ ለአንድ ጥግ 15 ኪሎ ገደማ ነው። ከጊዜ በኋላ ወደ ታች እንዳይወርድ በየ50 ሳንቲው ሽቦ ወይም መረብ አግድም ዘርጋ። መፈተኛው እፍኝ ሙሉ አንሥተህ አፍህን ገጥመህ መተንፈስ ነው፦ አየሩ ትንሽ እየታገለ ማለፍ አለበት። ያለ ትግል ካለፈ ላልቷል፤ ካላለፈ ጠቅጥቀሃል። ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ስታይሮፎም ተወው፤ አየር አያሳልፍም። ጭድ ለመጠቀም የሚያስብም አለ፤ አይጥና እሳት ይጋብዛል። ጥጥም ይነድዳል፤ ስለዚህ ገመድ በውስጡ አይለፍ።

ይህን ስትጨርስ ከ80 ኸርዝ በላይ ያለው ነገር በግልጽ ይስተካከላል። የታችኛው 47.5 ግን ተመናምኖም ቢሆን ይቀራል፤ እሱን ከኋላ ግድግዳ ላይ በሜምብሬን ነው የምትይዘው። የተዘጋ ሳጥን ነው፦ ፊቱ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ኋላው አየር። ኮምፔንሳቶው እንደ ክብደት፣ አየሩ እንደ ሞላ ሆነው አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይርገበገባሉ፤ ውስጥ ያለው ጥጥ ጉልበቱን ይበላዋል።

ደሴ ላይ ስለሆንክ አንድ ነገር ልብ በል። መጻሕፍቱ የሚሰጡህ ቀመር 60ን ለ(ክብደት በካሬ ሜትር ሲባዛ በጥልቀት) ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው፤ ክብደቱ በኪሎ፣ ጥልቀቱ በሜትር። ያ 60 የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ ከአየር ግፊት ነው የመጣው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ነው፤ ሞላው የላላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንተ ጋ 60 ሳይሆን 52 ነው። 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በካሬ ሜትር 5.4 ኪሎ ቢመዝን፣ ለ47.5 ኸርዝ የመጽሐፉ ጥልቀት 30 ሳንቲ ይመጣል፤ ለደሴ ግን 22 ሳንቲ ነው። 30 አድርገህ ብትሠራ ሳጥኑ ወደ 41 ኸርዝ ይወርድና የምትፈልገውን ይስታል። ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 54፣ ጥልቀቱ 24 ሳንቲ ይሆን ነበር። የድምፅ ፍጥነት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ በሙቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሬዞናንሱ ሂሳብ እዚያም እዚህም ያው ነው። ኮምቦልቻ በ28 ዲግሪ ቀን ያንተ 47.5 ወደ 48.3 ቢወጣ ነው።

ኮምፔንሳቶውን በስም አትመነው፣ መዝነው። ሙሉው ቅጠል 1.22 በ2.44 ስለሆነ ወደ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ ክብደቱን ለ3 አካፍል። ሳጥኑን አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈነው፤ ቀዳዳ ካለ ሞላ የለም። ጥጡ ኮምፔንሳቶውን አይንካ፤ ጥልቀቱን እስከ ግማሽ ይሙላ። ጥጥ ሲገባ ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ስለሚወርድ መጀመሪያ አንድ ሳጥን ብቻ ሥራ፤ ቶኑን ከ40 እስከ 55 ኸርዝ እየለዋወጥክ ፊቱ ላይ መዳፍህን አሳርፍ። በጣም የሚንቀጠቀጥበት ቁጥር እሱ ነው። ልኩን አግኝተህ ሌሎቹን ታበዛለህ፤ ሦስት አራት ካሬ ሜትር ካልሆነ ልዩነቱ አይሰማም።

ጋንም ይህን ሥራ እንደሚሠራ ላውራህ፤ እኔ በጣም የምወደው ነገር ነው። 60 ሊትር የሚይዝ፣ አንገቱ 12 ሳንቲ ስፋትና 10 ሳንቲ ርዝመት ያለው ባዶ ጋን ሂሳቡ ሲሠራ 54 ኸርዝ አካባቢ ይመልሳል፤ ወደ 79 ሊትር ከፍ ቢል አንተ የምትፈልገው 47.5 ላይ ይደርሳል። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ውስጥ ማሰሮ የቀበሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። አፉ ላይ ስስ ጥጥ ካልተደረገ ግን ራሱ ያዜምብሃል፤ አንድ ጋን የሚይዘው ጠባብ ቦታ ስለሆነ ብዙ ጋን ያስፈልጋል። እናትህ ጋ ተቀምጦ የቆየ ካለ ጥግ አቁመህ ብትሞክር ደስ ይለኛል፤ ግን ዋናውን ሥራ ለእሱ አታሸክመው።

ኮርኒስህን አትንካው። ስስ ቺፕውድ ከላዩ አየር ኖሮት ራሱ ሜምብሬን ነው፤ 63 ኸርዙ ያን ያህል የማያስቸግርህ በእሱ ነው። ሶሌታ ቢሆን ኖሮ ሌላ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ባጃጅ በበሩ ሲያልፍ የሚገባብህ ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በክብደትና በቀዳዳ መድፈን እንጂ እዚህ በተባለው በምንም አይቆምም።

ኢኪው የምትጠቀመው በመጨረሻ ነው። በምትቀመጥበት ቦታ ጎልቶ የቀረ ኖታ ካለ መቀነስ ይቻላል። የጠፋን ግን መጨመር አይቻልም፤ ባዶ ቦታ ላይ 10 ዲሲቤል ብትጨምር አምፕሊፋየሩን 10 እጥፍ ታሠራዋለህ፣ ሞገዱ ግን እዚያው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከየደረጃው በፊትና በኋላ ለካ፦ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ነው፤ ከየአቅጣጫው እኩል የሚሰማ የመለኪያ ማይክ ያለው ሰው ካለ ለአንድ ቀን ተዋስ። የመጠኑን መስመር ብቻ አትይ፤ ዋተርፎል የሚለውን ገጽ ክፈት፤ 47.5 ላይ ድምፁ እስኪሞት ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚፈጅ ያሳይሃል። ጥጉ ሲሞላ መጀመሪያ የሚያጥረው ያ ጭራ ነው።

ሰብውፈሩን በተመለከተ፦ ጥጎቹና የኋላ ግድግዳው ካለቁ በኋላ ሞኒተሮችህ ከ45 ኸርዝ በታች እንደማይወርዱ ካየህ ያን ጊዜ እንነጋገር። አሁን ብትገዛው የተከመረው 47.5 ላይ ሌላ ትከምርበታለህ። ያንን ገንዘብ ለሞራሌ፣ ለአቡጀዲና ለጥጥ አውለው፤ የለካኸውን ላክልኝ፣ ሳጥኑ ስንት ሳንቲ እንደሚሆን አብረን እናሰላዋለን።